ምንጣፍ አይደለም

ደራርቱ ወደ ዓረቡ ሱቅ የገባችው በስሙኒ አንድ ጥቅል ክር ልትገዛ ነበር፤ ክሩን ሳትይዝ ወጣች። ባንኮኒው ፊት ቆመው በስኳር ዋጋ ይከራከሩ የነበሩት ወይዘሮ የሺወርቅ፣ የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የአቶ መሸሻ ባለቤት፣ ስኳሩን ትተው የቀኑን ወሬ ለባለሱቁ ማውራት ጀምረው ነበር። የዘውድ በዓል ነው፤ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ መጥቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ገብቶ የነቀምቴን ሕዝብ የእጅ ሥራ ይጎበኛል። ወንበሩ ተወልውሏል፣ አበባው ተቆርጧል፣ ምንጣፍ ግን ለመድኃኒት ጠፍቶ አቶ መሸሻ እንቅልፍ አጥተው ነው ያደሩት። ደግነቱ፣ አሉ ወይዘሮዋ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ከላከው ዕቃ መካከል አንድ ሰፊ ስጋጃ ተገኘ።

"መልኩስ ደስ ይላል" አሉ። "የሠራችው ግን ማን እንደሆነች እንጃ፣ ዛጎል ሰፍታበታለች። ምንጣፍ ላይ ዛጎል ምን ይባላል? የእንግዳውን ጫማ እንዳይዝ አናጢው በፒንሳ እየነቀለው ነው።"

የሠራችው ከክንዳቸው አጠገብ ቆማ ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ዞር ሲሉ አዩዋት፣ አገላብጠው ሳሟት፣ ባለቤቷ ነገራ ከሚያስተምርበት ከጉቴ መቼ እንደሚመጣ ጠየቋት። ክፉ ሴት አይደሉም። ደራርቱ ቅዳሜ ይመጣል ብላ መለሰች፤ አፏ የተናገረውን ጆሮዋ አልሰማም።

ነገሩ ምንጣፍ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን ደራርቱ ራሷ በአንድ ቃል መናገር አትችልም፤ ጥፋቱም የጀመረው እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የትምህርት ቤቱ የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። የተቀጠረችው ልጃገረዶች የትራስ ልብስ ላይ "መልካም ሕልም" ብለው እንዲጠልፉ ልታስተምር ነው፤ ታስተምራለችም፣ የነቀምቴ ባሎች ሁሉ ዛሬ መልካም ሕልም ላይ ነው የሚያንኮራፉት። ከትምህርት ቤት መልስ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስትሰፋ ኖረች። አራት የቡና ጆንያ ቀዳ ገጠመች፤ በላዩ የዋንዛ ልጣጭ፣ የቅል ስባሪ፣ ጨሌ፣ ዛጎል፣ የቆርች ፍሬ፣ በሙጫ የተለወሰ ቀይ አፈር፣ የደረቀ ሰርዶ አደረገችበት። የዚህ አገር ወንዶች ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ የሚወዱት አንድ ተረት አለ። ዱሮ አገሩን የምትገዛ ሴት ነበረች ይላሉ፤ ትዕዛዟ ሲበዛባቸው ወንዶቹ መክረው ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቁርበት አነጠፉ፣ እዚህ ይቀመጡልን ብለው አስቀመጧት፣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሴት አልገዛችም ብለው ይስቃሉ፤ ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ሴቶች ምንጭ ዳር እንስራ እየሞሉ የሚያወሩት ግን እዚያ ላይ አያልቅም። የወደቀችበት ጉድጓድ ውሃ አፈለቀ፣ እኛ የምንቀዳው የሷን ነው ይላሉ። ወንዶቹ ይህን መጨረሻ አልሰሙትም፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ አይደሉማ።

ደራርቱ የሰፋችው የሴቶቹን መጨረሻ ነው። ከዋንዛ ልጣጭ ከሠራችው ጉድጓድ ውስጥ ፊቷ የቅል ስባሪ የሆነ ሴት ትወጣለች፤ ጠጉሯ ወንዝ ሆኖ እስከ ጆንያው ጫፍ ይወርዳል። ወንዙ የሰው ልብስ ነው፤ የሞቱ ሴቶች ቀሚስ ቁራጭ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ከሣጥን ሥር እያወጡ የሰጧት። አንዷ ከሲሬ በእግሯ ስትመጣ መንገድ ላይ የወለደች ናት፤ አንዷ ሸክላ ስትሠራ ኖራ በጭስ ዓይኗ የጠፋ፤ አንዷ ሰባት ልጅ ቀብራ ስምንተኛውን ያሳደገች። የአንዳቸውም ስም የትም ቦታ አልተጻፈም። ቅቤ ነጋዴዋ ሎሚ የእናቷን ቀሚስ ጠርዝ ስትሰጣት፣ ከእናቴ የቀረኝ ይኸው ነው፣ የት ልታደርጊው ነው ብላ ጠይቃት ነበር። ደራርቱም ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ብላ ቃል ሰጠቻት። አሁን እንግዳው ሊረግጠው ነው።

ወደ አዳራሹ ለመሄድ በገበያው መካከል ማለፍ ግድ ነው። አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ሎሚ ቅቤዋን ኮባ ቅጠል ላይ ደርድራ ከሩቅ አየቻት፤ አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ብላ ጠራቻት፤ ዛሬ አይደል የሚታየው፣ ከሰዓት በኋላ ዘግቼ እመጣለሁ አለቻት። ደራርቱ ነይ አለች። ሌላ ምን ትበል? ከዚያ በኋላ እስከ አዳራሹ ድረስ ያለውን ዳገት በሩጫ ወጣችው፤ ጫማዋን የጥቅምት ቀይ ጭቃ ሲይዘው አላቃ በእጇ ይዛ ነው የገባችው።

አዳራሹ የወለል ሰምና ናፍጣ ይሸታል። በግድግዳው ላይ ደህና ደህናው ቦታ ሁሉ በትራስ ልብስ ተይዟል፤ ሃያ ሁለት መልካም ሕልም ቆጠረች። ጠረጴዛ ላይ እንስራና ጀበና፣ ማዶ ማር በቅል። ሥራዋ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ከበሩ ወዲህ እስከ እንግዳው ወንበር ድረስ። አናጢው ዋጋሪ በሴቲቱ ደረት ላይ ተንበርክኮ ዛጎሉን በፒንሳ እየያዘ ይነቅላል፤ የነቀለውን የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ ቅጭል ይላል። ዋጋሪ ቀና ብሎ አያትና ምን ላድርግ በሚል ዓይን ወደ አቶ መሸሻ ጠቆማት።

አቶ መሸሻ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ቀበቷቸውን ከእምብርታቸው በላይ የሚታጠቁ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሰው ናቸው። መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው አሳዩዋት፤ ሸክላ፣ የሰፌድ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ምንጣፍ የሚሉ አራት ረድፎች አሉ። ሸክላ አይደል፣ ሰፌድ አይደል፣ ጥልፍም እንዳይባል አፈርና ቅርፊት አለበት፤ ታዲያ ምን ይሁን አሉ። ስም የሌለው ነገር ኤግዚቢሽን አይገባም። ደግሞም ችግሩን ትየው ብለው የጨርቁን ጠርዝ ገለጥ አደረጉላት። ከሥሩ ሁለት ሳንቃ ምስጥ ጨርሷቸው አንድ እንስራ የሚያስገባ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ በላዩ ስስ ጣውላ ጣል አድርገውበታል። የወለጋ ምስጥ ለዘውድ በዓል እንኳ አያዝንም። ይህ እንዳይታይ ነው ምንጣፍ የተፈለገው።

"ክቡርነታቸው የሚረግጡት እኮ ነው፤" አሏት። "ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል? እኔ ምነው በሠራሁት እላለሁ።"

ከልባቸው ነበር። የከፋውም እሱ ነው፤ ቢያሾፉ ኖሮ መቆጣት ይቻል ነበር። ደራርቱ ጨርቁ የሞቱ ሴቶች ልብስ መሆኑን ነገረቻቸው። አቶ መሸሻ ደንግጠው ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህንንስ ለማንም እንዳትናገሪ አሏት። እንባዋን ሲያዩ ደግሞ አዘኑ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባል የለ፣ ነገራ ቅዳሜ ሲመጣ ይምጣና እኔና እሱ እንነጋገራለን ብለው ሸኟት። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ቤት ስትደርስ አማቷ አዴ ድርቤ አንጮቴ እየላጡ አገኘቻቸው። ከእሳቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ ውስጠኛው የደራርቱና የነገራ፣ ውጭኛው የአዴ ድርቤ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ። ሥራዋ ሁለት ዓመት የተሰቀለው ጋዜጣው ላይ፣ በአዴ ድርቤ አልጋ ትይዩ ነው፤ ሌላ የሚበቃው ግድግዳ የለማ። አማቷ በየጠዋቱ ከሥሩ ይጠርጋሉ፣ የረገፈ የቆርች ፍሬ ሲያገኙ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ ቃል ግን፣ ጥሩም መጥፎም፣ ተናግረው አያውቁም። እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ፣ መዝሙር በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ዛጎልና ጨሌ የባዕድ አምልኮ ነው እንደሚሉ ደራርቱ ታውቃለች። ስለዚህ ዝምታቸውን እንደ ኀፍረት ቆጥራው ነበር። ትናንት የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጭነው ሲወስዱት እንኳ አዴ ድርቤ ባዶውን ግድግዳ አይተው ወደ ጓሮ ወጡ እንጂ ምንም አላሉም።

ምሳ ቀረበ፤ ደራርቱ መጉረስ አቃታት። ለአማቷ ልትነግራቸው አልነበረም፤ ለግድግዳው የምትናገር ያህል ነው በኦሮምኛ የጀመረችው። ሱቁን፣ ፒንሳውን፣ አራቱን ረድፍ፣ ሎሚን፣ ሁሉንም ተናገረች። አዴ ድርቤ አንጮቴውን እየላጡ ሰሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ጉድጓዱ የት ጋ ነው ያለው?"

"ከሥሯ ነው አዮ። የሚሸፍኑት በሷ ነው።"

አዴ ድርቤ ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን ለበሱ፣ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ቀጭን በትር አንስተው ወጡ። ደራርቱ መጀመሪያ ወደ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎቹ የሚሄዱ መስሏት የስፌት ቦርሳዋን እንዳነገተች ተከተለቻቸው፤ ሴትዮዋ ግን በዳገቱ በኩል ታጠፉ። በትሯ ሲንቄ ናት። ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች፤ ወንድ አይነካትም፣ ወንድ አይሻገራትም፤ ሁለት ሰዎች ሊገዳደሉ ሲሉ ሴት መካከላቸው ካጋደመቻት ጠቡ እዚያው ያበቃል። ለደራርቱ ስትዳር መጽሐፍ ቅዱስና ጃንጥላ ተሰጣት እንጂ ሲንቄ አልተሰጣትም፤ ጊዜው ተለውጧል ተብሎ። አዴ ድርቤ ግን የእናታቸውን ሲንቄ ሃያ ዓመት ዶሮ ማባረሪያ ነው እያሉ አቆይተዋታል፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ዶሮ ምን ይላሉ? ዝም አይነቅዝም ማለት እንዲህ ነው።

አዳራሹ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፏል። አዴ ድርቤ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ አከም ኦልተን ብለው ስለ ሚስቱ ጠየቁት፣ ዋጋሪን ስለ ልጆቹና ስለ ላሙ ጠየቁት፣ አቶ መሸሻንም እጅ ነሱ። ሰላምታው ሁሉ በወጉ ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብለው ሲንቄዋን በጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ በበሩ በኩል አጋደሟት። ከዚያ ዳር ላይ ቆሙ። ዋጋሪ ለእንግዳው አጃቢዎች ተጨማሪ ወንበር ተሸክሞ ከውጭ እየገባ ነበር፤ በትሯን ሲያይ ባለበት ቆመ። አቶ መሸሻ ምን ትጠብቃለህ፣ ይዘህ እለፍ አሉት።

"ህን ደርቡ" አለ ዋጋሪ፤ ቀጥሎም በአማርኛ፣ "አልሻገርም ጌታዬ" አለ። ወንበሩን ከራሱ ላይ አላወረደም።

አቶ መሸሻ ፖሊሱን ጠሩ። ፖሊሱ የአገሩ፣ የዲጋ ልጅ ነው፤ ጣራውን እንደ አዲስ ይመረምር ጀመር። ሰዓቱ ይሄዳል። እሳቸው ሸዌ ናቸው፣ ሕጉ አይመለከታቸውም፤ በቀላሉ ሊሻገሩት ይችላሉ። እግራቸውንም አነሡ። ነገር ግን ሰው አገር ሃያ ዓመት በከንቱ አይኖርም፤ የዋጋሪን ፊት አዩ፣ የፖሊሱን አዩ፣ እግራቸውን ወደነበረበት መለሱት። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና አዮ ምን በደልኩ አሉ። የነቀምቴን ሴት ወይዘሮ ሲሉ እንጂ፣ እንደ አገሩ ልጅ አዮ፣ እናቴ ሲሉ ደራርቱ ሰምታቸው አታውቅም።

አዴ ድርቤ አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ ቃላቱን አንድ አንድ እያሉ አወጡት።

"ዱሮ ቁርበት አነጠፋችሁላትና ጉድጓድ አስገባችኋት። ዛሬ ደግሞ እሷኑ ጉድጓድ ላይ አነጠፋችኋት። ይሄ ልክ ነው ወይ?"

አቶ መሸሻ ተረቱን አያውቁትም። ዋጋሪ ወንበሩን አስቀምጦ እያፈረ ያወራላቸው ጀመር፤ ስለ ገዢዋ ሴት፣ ስለ ተቆፈረው ጉድጓድ፣ በላዩ ስለ ተነጠፈው ቁርበት፣ ስለ ክብሯ ሲባል እዚያ ላይ እንድትቀመጥ ስለ ተለመነችው ልመና። ያወራው በልጅነቱ እንደሰማው ነው፣ የሚያስቀውን ቦታ ግን አልሳቀበትም። እዚያ ሲደርስ ወለሉን አየ።

"ጌታዬ፣ ያች ጣውላ ስስ ናት" አለ። "እንግዳው ቢገቡስ?"

ይህ ነገር እስካሁን የማንም ሐሳብ ውስጥ አልገባም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም የተጨነቀው ጉድጓዱ እንዳይታይ እንጂ ሰው እንዳይገባበት አልነበረም። አቶ መሸሻ ትልቁን ሰው እስከ ብብታቸው ወለሉ ውስጥ ገብተው፣ ባርኔጣቸው ወደ ማሩ እየተንከባለለ በዓይነ ሕሊናቸው ሳያዩዋቸው አልቀሩም፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል አሉ። ዋጋሪ ወፍራም ሳንቃ ካገኘሁ ሃያ ደቂቃ አለ። ሳንቃ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ከደጃፉ "እንኳን ደህና መጡ" የሚለው ሰሌዳ ወረደ፤ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ተቸነከረ። ሌላ የሚሸፈን ነገር አልቀረም።

ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ከወለሉ እስኪነሣ ድረስ አዴ ድርቤ ሲንቄዋን አላነሡም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ነው። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ዘጠኝ መልካም ሕልም ወረደ፣ ምስማር ተመታ፤ ፖሊሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ አቶ መሸሻ ሌላውን። ደራርቱ ወንበር ላይ ቆማ የተነቀሉትን ዛጎሎች ከስፌት ቦርሳዋ ባወጣችው ጥቁር ክር መስፋት ጀመረች፤ ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙን መልሳ ነበር የመኪናው ጡሩምባ ሲሰማ። አቶ መሸሻ መዝገቡን ገልጠው አምስተኛ ረድፍ በማስመሪያ አሰመሩ፤ በራሱ ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ጠፍቷቸው ባዶ ተዉት፣ ከሥሩ ግን የሠሪዋን ስም ከነአባቷ ጻፉ። የነገራ ባለቤት አላሉም። ደራርቱ በትከሻቸው በኩል አየችው።

እንግዳው ገቡ፣ ወለሉን ረገጡ፣ ወለሉ ቻለ። ማሩን ቀመሱ፣ ጀበናውን አመሰገኑ፤ በደራርቱ ሥራ ፊት ግን ቆመው ትንሽ ቆዩ። ስንት ጊዜ ፈጀ ብለው ሲጠይቁ አቶ መሸሻ እሳቸው የሰፉት ይመስል ሁለት ዓመት ብለው መለሱ። እንግዳው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደራርቱ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳታውቀው ወጥታ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ዘጭ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ወርዶላታል። አማቷ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሥራዬን የሚጠሉት ይመስለኝ ነበር አለቻቸው።

"አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አየው ነበር፤ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉ አዴ ድርቤ። "ሰው ሥራ ላይ እያለ ምን ይባላል? ዝም ነው እንጂ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ለሕዝብ ተከፈተ። ሰው በሰልፍ ይገባል፣ ፖሊሱ እለፉ እለፉ ይላል። ሎሚ እጇ ቅቤ እንደሸተተ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሌሎች አራት የገበያ ሴቶች አስከትላ መጣች። ጨርቁ ፊት ስትደርስ እናቴ የቷ ናት አለች። ደራርቱ በጣቷ አሳየቻት፤ ከሴቲቱ ጆሮ በታች፣ ወንዙ መታጠፍ ሲጀምር ያለው ሰማያዊ። ሎሚ ለማየት አንገቷን ማቃናት ነበረባት። አየች። ከኋላዋ ያሉትም ቀና አሉ፤ የማያውቋቸው የከተማ ወንዶች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ፣ ቀና ብለው አዩ። ፖሊሱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ እለፊ እናቴ፣ ሰው ይጠብቃል አላት።

"ማሎ፣ እባክህ ትንሽ ቆይ" አለችው። "እናቴን ሰው ቀና ብሎ ሲያያት ገና ዛሬ ነው ያየሁት።"

ፖሊሱ እጁን አነሣ። ሰልፉም ቆመ፣ እስክትጠግብ ድረስም ማንም አላጣደፋትም።